እስቲ ጠይቁ፦ ከልጆች ጋር መንገድ ስንወጣ ምን እንያዝ?

ሰላም ውድ አንባቢዎቻችን፣ የሴሚስተር እረፍት እየደረሰ ስለሆነ መሰለኝ በዚህ ሰሞን ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ጉዞ ናቸው፣ በተለይ ስለ ሻንጣ። ሶስቱን መርጬ መልሻቸዋለሁ። የመጀመሪያው ረዘም ብሎብኛል፣ ብዙ እናቶች ያንኑ ስለጠየቁኝ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም እህታችን፣ የሶስት ልጆች እናት ነኝ። ትልቁ 9 አመቱ ነው፣ መሃከለኛዋ 5፣ ትንሹ ደሞ 1 አመት ከ8 ወሩ። ባለቤቴ ፈቃድ ስለሚወጣ በራሳችን መኪና ሀዋሳ አድረን አርባ ምንጭ ልንሄድ አስበናል፣ በጠቅላላ 6 ቀን። አምና ላንጋኖ ስንሄድ ለ2 ቀን ብዬ 4 ሻንጣ ይዤ ልጆቹ እግራቸውን የሚያደርጉበት አጡ፣ ከዛ ማታ ትንሹን ሲያተኩሰው ለካ መድሃኒቱን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ትቼው ነው የመጣሁት። ባሌ ምንም አላለኝም እኔ ግን እስካሁን ይቆጨኛል። ዘንድሮ ምን ልያዝ ምንስ ልተው? (የሶስት ልጆች እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ አይቆጭሽ፣ ያላጋጠመው ወላጅ የለም። ግን አራት ሻንጣ መያዝሽም መድሃኒቱን መርሳትሽም ከአንድ ቦታ የመጣ ነው ብዬ አስባለሁ። ሻንጣ ስናዘጋጅ ሁላችንም የምናስበው እዛ ደርሰን ስለምንለብሰው ነው፣ ልጆች ደሞ የሚቸገሩት መንገድ ላይና የመጀመሪያዋ ማታ ላይ ነው። ሀዋሳ ከገባሽ በኋላ ካልሲ ቢጎድልሽ፣ ሳሙና ቢያልቅብሽ፣ ዳይፐር ቢያንስሽ ሱቅ ገብተሽ ትገዣለሽ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ልጅ ሲያተኩሰው ግን ያለሽ የያዝሽው ብቻ ነው። ስለዚ እኔ እያንዳንዱን እቃ ሳነሳ «ይሄን የምፈልገው ሰዓት ላይ የት ነው የምሆነው?» ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ፣ መኪና ውስጥ ከሆነ እጄ የሚደርስበት ይቀመጣል፣ ማታ ስንደርስ ከሆነ ከሁሉም በላይ ይጫናል፣ ሌላው በቃ የትም ቢሆን ችግር የለውም።

ይሄን የተማርኩት በራሴ ነው። ልጆቼ ትንንሽ እያሉ ባህር ዳር ስንሄድ መሸብን፣ ዝናብ ጀመረ፣ ሁለቱ እንቅልፍ ወስዷቸዋል፣ የሚያድሩበት ልብስ ደሞ የትልቁ ሻንጣ ስር ነው፣ ትልቁ ሻንጣ ደሞ የሁሉም ስር ነው። ሆቴሉ ግቢ ውስጥ እቃውን በሙሉ አውርደን በስልክ መብራት ስንፈልግ ልጆቹ ነቁና አለቀሱ፣ እስከ 6 ሰዓት ድረስ ተመልሰው አልተኙም። ከዛ በኋላ «የመጀመሪያ ማታ ቦርሳ» የሚባል ነገር ከቤቴ ጠፍቶ አያውቅም። አንዲት መካከለኛ ቦርሳ ናት፣ ውስጧ ለእያንዳንዱ ልጅ የማታ ልብስ፣ ለማታና ለጠዋት የሚበቃ ዳይፐር፣ ጡጦ፣ ሳሙናና ፎጣ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የእጅ ባትሪ፣ አንድ አንሶላ። አንሶላው አልጋው ለማያስተማምንበት ቦታ ነው። መጨረሻ ትጫናለች፣ መጀመሪያ ትወርዳለች፣ ሌላው ሻንጣ እስከ ጠዋት መኪናው ውስጥ ቢያድርም ግድ የለም።

አሁን ወደ እጅ ቦርሳው። ይሄ ከፊት ወንበር እግርሽ ስር ነው የሚቀመጠው እንጂ የኋላ ኮፈን ውስጥ አይገባም። መድሃኒት እዚህ ነው። ዲጂታል ቴርሞሜትር ያዢ፣ በእጅ ግንባር ነክቶ መገመት ሌሊት ላይ ያሳስታል። የፓራሲታሞል ሽሮፕ ስትገዢ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቁጥር እዪ፣ በ5 ሚሊ 120 ሚሊ ግራም የሆነ አለ፣ በ5 ሚሊ 250 ሚሊ ግራም የሆነም አለ፣ ማለትም አንዱ ከሌላው በእጥፍ ይበልጣል፣ ቤት የለመድሽው ልክ አዲሱ ጠርሙስ ላይ ላይሰራ ይችላል። ስለዚ ፋርማሲ ሄደሽ የልጆቹን ኪሎ ነግረሽ የእያንዳንዳቸውን መጠን በእስክሪብቶ ጠርሙሱ ላይ አስጽፊ። መለኪያዋን ማንኪያ ወይም ሲሪንጁን እዛው ከጠርሙሱ ጋር በላስቲክ እሰሪያት፣ ሁሌ የምትጠፋው እሷ ናት። ተቅማጥ ሲይዛቸው የሚጠጣው ኦአርኤስ 4 ወይም 5 ፓኬት፣ ከዚንኩ ጋር። ኦአርኤሱን እሽጉ ላይ በተጻፈው የውሃ ልክ ብቻ በጥብጪው፣ የተለመደው አንዱ ፓኬት ለ1 ሊትር ንጹህ ውሃ ነው፣ ልጁ ትንሽ ነው ብለሽ ግማሹን ፓኬት በአንድ ብርጭቆ እንዳታደርጊ። የክትባት ካርዳቸውንም ያዢ፣ ባይሆን ፎቶ አንስተሽ ስልክሽ ላይ አስቀምጪ።

ወባን በደንብ ልንገርሽ፣ ብዙ ሰው ለአርባ ምንጭ ሲዘጋጅ ዋና ልብስ አይረሳም አጎበር ግን ይረሳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ልጆቻችን ወባን አያውቋትም፣ ሰውነታቸውም አልለመዳትም። አርባ ምንጭ ከተማ ደሞ 1,300 ሜትር እንኳን አይሞላም። ሀዋሳም ብትሆን 1,700 ሜትር አካባቢ ናት፣ እዛም አለ። ከ5 አመት በታች የሆነ ልጅ ላይ ወባ በጣም ነው የሚከፋው፣ አንቺ ጋ ደሞ ትንሹ አለ። አጎበር ከቤት ያዢ፣ ሆቴሉ «አለን» ቢልሽም የራስሽን ያዢ፣ የተሰቀለው ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል። ከአጎበሩ ጋር ሲባጎና ሁለት ሶስት ሚስማር ወይም መንጠቆ፣ ያለዚያ ማንጠልጠያ አጥተሽ ተጣጥፎ ያድራል። ረጅም እጅጌና ረጅም ሱሪ ለማታ፣ ቀጭን ጥጥ ይሁን። የሚቀባውን የትንኝ መከላከያ ስትገዢ ለትንሹ እድሜ የሚሆን መሆኑን ጠይቂ፣ እጁ ላይ አትቀቢው አፉ ውስጥ ስለሚከት። ቀድሞ የሚወሰድ መድሃኒት ያስፈልጋቸው እንደሆነ ደሞ ከመሄድሽ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለሽ የልጆች ሀኪም አማክሪ። ከተመለሳችሁ በኋላ ያለውንም አትርሺ፣ ወባ በማግስቱ አይደለም የሚታየው፣ ሳምንት ሁለት ሳምንት አንዳንዴም ከዛ በላይ ይቆያል። አንዱ ልጅ ከጉዞው በኋላ ካተኮሰው «ጉንፋን ነው» ብለሽ አትቆዪ፣ ጤና ጣቢያ ወስደሽ መጀመሪያ የምትናገሪው «አርባ ምንጭ ነበርን» የሚለውን ይሁን።

ልብስ ላይ እንምጣ፣ ሻንጣውን የሚሞላው እሱ ነው። የማደርገውን ልንገርሽ። ሱሪውን አልጋ ላይ ዘርጊው፣ ቲሸርቱን ላዩ ላይ አድርጊ፣ ፓንትና ካልሲውን መሃል ላይ፣ ከዛ ከላይ ጀምረሽ አጥብቀሽ ጠቅልዪና በጸጉር ላስቲክ እሰሪው። አንድ ጥቅል አንድ ቀን ነው። ጠዋት ላይ የ9 አመቱ ልጅሽ ራሱ አንድ ጥቅል አንስቶ ይለብሳል፣ የ5 አመቷም ትችላለች፣ አንቺ ሻንጣውን አትበረብሪም። ለስድስት ቀን ለትልልቆቹ 4 ጥቅል ይበቃል፣ ለትንሹ 8 አድርጊለት እሱ በቀን ሁለቴ ነው የሚቀየረው። ኦሞ በትንሽ እቃ ገልብጠሽ ያዢ፣ ገመድና ጥቂት መቆንጠጫም፣ አርባ ምንጭ ማታ ያጠብሽው ጠዋት ደርቆ ታገኚዋለሽ። ጫማ ሁለት ሁለት፣ አንዱ እግራቸው ላይ ያለው ነው። እቤት ብዙ የተለበሰ ጫማ ይሁን፣ ለጉዞ ተብሎ የተገዛ አዲስ ጫማ ተረከዝ ይልጣል።

አርባ ምንጭ ከሄዳችሁ ዶርዜ መውጣታችሁ አይቀርም፣ ልጆች የቀርከሃውን ጎጆና ቆጮ ሲጋገር ማየት በጣም ይወዳሉ። ግን እዛ ላይ ከ2,500 ሜትር ያልፋል፣ ከታች ላብ በላብ ሆናችሁ የወጣችሁ ሰዎች ከላይ ብርድ ይቀበላችኋል። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ጃኬት ወይም ወፈር ያለ ሹራብ ከጥቅሎቹ ውጪ ለብቻው መኪናው ውስጥ ይቀመጥ። ሻንጣሽ ውስጥ ደሞ ክፍት ቦታ ተዪ፣ ዶርዜዎች ሸማኔ ናቸው፣ ጋቢ ሳትገዢ አትመለሺም።

ጋቢ ካነሳሁ አይቀር፣ ከቤትም ሁለት ያዢ። ከሁሉም እቃ እሱን ነው የምመርጠው። መኪና ውስጥ ብርድ ልብስ ነው፣ ተጣጥፎ ትራስ ነው፣ መስኮት ላይ ሲቆነጠጥ ጸሃይ ይከላከላል፣ ጥላ ስር ስታርፉ ምንጣፍ ይሆናል፣ ትንሹን ልብስ ስትቀይሪው መሸፈኛ ነው። በዛ ላይ የቤቱን ሽታ ይዞ ስለሚሄድ ልጅ በማያውቀው አልጋ ላይ በሱ ተጠቅልሎ ቶሎ ይተኛል። የእኔ ሁለተኛዋ ልጅ ጠርዙን በጣቶቿ እያሻሸች ነበር የምትተኛው።

ፖፖውን አትርሺ። በየማደያው ያለውን ሽንት ቤት ታውቂዋለሽ፣ የ5 አመቷም ብትሆን «አልገባም» ብላ ታለቅሳለች። ፖፖ፣ ሶፍት፣ ዋይፕስ እና በጀሪካን የእጅ መታጠቢያ ውሃ ካለሽ የትም ቦታ ቆማችሁ ትጨርሳላችሁ። ጀሪካኑን ግን እሰሪው ወይም ወንበር ስር አጥብቀሽ አስገቢው፣ በድንገት ፍሬን ሲያዝ ከኋላ ተነስቶ ልጅ ይመታል። ሻንጣም ከኋላ ወንበር ራስጌ በላይ አይከመር።

መኪና የሚያዞራቸው ልጆች ካሉሽ (ወደ ዶርዜ ሲወጣ ኩርባው ብዙ ነው) ክዳን ያለው ትንሽ ባልዲ ያዢ፣ የአይስክሬም ባዶ እቃ ሁሉ ይሆናል። ፌስታል ይቀደዳል፣ ይሸታል። ሎሚ ሁለት ሶስት ቁረጪላቸው ያሽቱት፣ ከመነሳታችሁ በፊት ወተት ጠጥተው ጠግበው እንዳይወጡ፣ መንገድ ላይ ስልክ እያዩ እንዳይሄዱም።

ስንቅ ደረቅ ደረቁ ነው የሚያዋጣው፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድፎ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ድንች፣ ድርቆሽ። ለትንሹ በሶ በትንሽ ስኳር በጥብጠሽ ወይም ጨብጠሽ። ቆሎና ኦቾሎኒ ግን 4 አመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም፣ ያውም በሚንቀሳቀስ መኪና ውስጥ፣ ትንታ ደቂቃ አይሰጥም። ትልልቆቹ ሲበሉ ለሱ እንዳያካፍሉት ቀድመሽ ንገሪያቸው። ሙዝ አትያዢ፣ አርባ ምንጭ የሙዝ አገር ነው።

ሐይቅ ላይ አንድ ነገር፣ ሀዋሳ ሐይቅ ልጆቹን እግራቸውን እንኳን አታስነክሪያቸው፣ ቢልሃርዚያ አለበት። ጫሞ ደሞ አዞው አለ፣ ጀልባ ከወጣችሁ ለልጆቹ ልክ የሚሆን ላይፍ ጃኬት መኖሩን አይታችሁ ብቻ ውጡ፣ የአዋቂ ላይፍ ጃኬት ለትንሽ ልጅ በአንገቱ ሾልኮ ይወጣል። ከሌለ ትንሹን ይዛችሁ ዳር ላይ ቆዩ፣ አባትየው ከትልልቆቹ ጋር ይሂድ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። በሐምሌ ሁለቱን ልጆቼን (6 እና 3) ይዤ ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ልመጣ ነው፣ ባለቤቴ ስራ ስላለው ብቻዬን ነኝ። ዘመድ ሁሉ የሚፈልገውን እየጻፈልኝ ሻንጣው ለልጆቹ ቦታ አጣ። እንዴት ልከፋፍለው? (እናት፣ ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ እህቴ እንኳን ደህና መጣሽ በቅድሚያ። ከአሜሪካ ስትመጪ በኢኮኖሚ የተለመደው ለአንድ ሰው 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣ ነው፣ ወንበር ያላቸው ልጆችም እንደዛው፣ ግን ቲኬትሽ ላይ ያለውን አረጋግጪ። ስድስት ሻንጣ ቢፈቀድልሽም ብቻሽን ሁለት ልጅ ይዘሽ ስድስት ሻንጣ መግፋት አትችዪም፣ አራት ይበቃል። ሁለቱን ለልጆቹና ለራስሽ፣ ሁለቱን ለዘመድ ብለሽ ቁረጪ፣ የዘመዱ ሲሞላ በቃ ሞላ። ለተቀረው «በሚቀጥለው» ብሎ መመለስ ነውር አይደለም፣ እናትሽ የምትጓጓው ልጆቹን ለማየት ነው።

የልጆቹን ልብስ አንዱ ሻንጣ ውስጥ ብቻ አታጭቂው፣ የሁለቱንም ለሁለት ሻንጣ ከፋፍይው፣ አንዱ ቢዘገይ ሌላው አለ። አሜሪካ በጋ ስለሆነ ሰው ቁምጣና ሰንደል ይዞ ይመጣል፣ አዲስ አበባ ደሞ ሐምሌና ነሐሴ ክረምት ነው፣ ዝናብ፣ በረዶ፣ ጭቃ። የዝናብ ጃኬት፣ የፕላስቲክ ቦት ጫማ፣ ወፈር ያለ ካልሲና የማታ ልብስ፣ ቤቶቻችን ማሞቂያ የላቸውም።

በረራው ከዋሽንግተን ደለስ አየር ማረፊያ ተነስቶ ከ12 ሰዓት በላይ ነው። በእጅሽ በምትይዢው ቦርሳ ውስጥ ለልጆቹ ብቻ ሳይሆን ለራስሽም ሙሉ ቅያሪ ይኑር፣ ልጅ የሚያስመልሰው እናቱ ላይ ነው። መድሃኒት፣ ፓስፖርት፣ ፓወር ባንክም በእጅ ነው፣ ፓወር ባንክ በሚጫን ሻንጣ አይፈቀድም። የልጆቹን ፓስፖርት ቀን ዛሬውኑ እዪ፣ ከ16 አመት በታች የሚሰጠው የአሜሪካ ፓስፖርት 5 አመት ብቻ ነው የሚያገለግለው፣ ብዙ ሰው የራሱን አስር አመት እያሰበ የልጁ ያልፍበታል። ኤሌክትሪኩ 220 ቮልት ስለሆነ የስልክ ቻርጀር ከአዳፕተር ጋር ይሰራል፣ የጸጉር ካውያሽ ግን በ110 ብቻ የሚሰራ ከሆነ እዛው ተዪው፣ ይቃጠላል።

የሰዓት ልዩነቱ በዛ ወቅት 7 ሰዓት ነው፣ ስለዚ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ልጆቹ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነቅተው ርቦኛል ይሉሻል። የለመዱትን ብስኩት ወይም ሲሪያል ትንሽ ያዢላቸው፣ ቤተሰቡን ሳትቀሰቅሺ ታበያቸዋለሽ። ስትመለሺ በርበሬና ሽሮውን ሁለት ሶስት ጊዜ በላስቲክ አሽገሽ በሚጫነው ሻንጣ አድርጊ፣ ስትገቢም ምግብ እንደያዝሽ ተናገሪ። ቋንጣ ግን አይገባም፣ እናትሽ ካዘጋጀችልሽ እዚሁ ብዪው።

ጥያቄ፦ ሴት ልጄ 7 አመቷ ወንዱ 4 ነው፣ እናታቸው ውጪ አገር ስራ ላይ ናት። እኔ ብቻዬን በህዝብ አውቶቡስ ወደ ጅማ አያታቸው ጋ ልወስዳቸው ነው። ልብስ ማዘጋጀት ብዙም አላውቅበትም። (አባት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አውቶቡስ ላይ ዋናው ነገር አንድ ነው፣ ፖርቶመጋላ ላይ የወጣ ሻንጣ ጅማ እስክትደርሱ የለም ብለህ አስብ። ስለዚ ቅያሪ ልብስ ለሁለቱም፣ ውሃ በኮዳ፣ ሶፍት፣ ሹራብ፣ ዳቦ፣ ሎሚ፣ ክዳን ያለው እቃ፣ ይሄ ሁሉ ጭንህ ላይ በምትይዘው ቦርሳ ይሁን። ላይ የሚወጣውን ሻንጣ ውስጡን በትልቅ ላስቲክ ከረጢት ሸፍነው፣ ዝናብ ወይም አቧራ አይገባበትም። ልብሱን ከላይ እንደጻፍኩት በቀን በቀን ጠቅልለው፣ ለሁለቱም አራት አራት ይበቃል፣ አያታቸው ቤት ይታጠባል።

የልጅህን ጸጉር ከጉዞው አንድ ቀን በፊት ሹሩባ አሰራት። ሳምንት ሙሉ ማበጠሪያና ቅባት አያስቸግርህም፣ እሷም ጠዋት ጠዋት አታለቅስም፣ አያቷ ጋም አምሮባት ትገባለች። እናታቸው ስትደውል የምታያት ደሞ እንደዛ ሆና ነው።

የልደት ሰርተፍኬታቸውን ኮፒና መታወቂያህን ያዝ፣ ብቻውን ሁለት ልጅ ይዞ የሚሄድ አባት ሲጠየቅ ቶሎ ማሳየት እንዲችል። መናኸሪያ ላይ ጠዋት ግፊያው ብዙ ነው፣ ሻንጣ ስታስጭን ልጆቹን ቀድመህ ወንበር ላይ አስቀምጣቸው ወይም እጃቸው ካንተ እጅ አይለቅ። ስልክ ቁጥርህን በወረቀት ጽፈህ የሁለቱም ኪስ ውስጥ ክተት፣ ሴቷ ደሞ ቁጥሩን በቃሏ እንድትይዘው መንገድ ላይ ደጋግመህ አስጠናት፣ ጅማ እስክትደርሱ ጊዜ አላችሁ።